የተተፋበት ድቤ

በመንዙማ አዋቂው የከውሰር አባት ሰደቃ ላይ፣ የሩዝ ነጋዴው አብዱልባሲጥ የሟቹን ድቤ አንስቶ ሳመ። አምና በወረታ ገበያ መሀል «መንዙማ ጥመት ነው!» ብሎ እዚሁ ድቤ ላይ ምራቁን የተፋው እሱ ነበር። አባቷ በኩታቸው ጠርገውት ሄዱ። ዛሬ ደግሞ እንባውን በስልክ እያስቀረጸ «አባቴ ነበሩ» አለ።

«እንግዲያስ አንድ መንዙማቸውን በልልን እስቲ!» አለችው ከውሰር ከሴቶቹ መሀል፣ በሰው ፊት ይዋረድ ብላ።

ዓይኑን ጨፍኖ ድቤውን መታ። አንድም ስንኝ አልሳተም፤ አባቷ ትንፋሽ የሚስቡበትን ቦታ ሳይቀር ያውቀው ነበር። ለካ በዚያ በሚረግማቸው አፉ ተደብቆ ሲያዜመው ኖሯል። ከውሰር ፊቷን አዙራ ልትወጣ ስትል፣ የገዛ እጆቿ ከሰዉ ጋር ሲያጨበጭቡ አገኘቻቸው። ተጸየፈቻቸው፤ ማቆም ግን አቃታት።