አምስት ደቂቃ ዝምታ

ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። እናት ጎመን መክተፏን አቆመች። ታናሽ ወንድሟ፣ የልጅቷ አጎት፣ በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከትናንት ጀምሮ አልደወለም።

«ማን ነው የሞተው? ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ!»

«ኧረ እማ! ማንም አልሞተም። ነገ የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ የተግባር ፈተና አለብኝ። ታካሚው እንዲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥን እየተለማመድኩ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ዝም ማለት ለመማር ነው በየቀኑ ከሰበታ አዲስ አበባ በታክሲ ግፊያ የምትመላለሺው?»

ልጅቷ ሳቀች። ስልኩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጮኽ ሞልታ እንደገና ዝም አለች። እናት ጥቂት ከተፈችና እጇ ቀስ እያለ ቆመ።

«ጎረቤታችን ኦቦ ዲሪባ የአባትሽን መርዶ ይዘው ሲመጡ እዚያው ወንበር ላይ እንዲሁ ዝም ብለው ተቀመጡ» አለች፣ ዓይኗን ከጎመኑ ሳታነሳ። «ወዲያው ገባኝ። እንዳይናገሩ ብዬ ስለ ዝናቡ አወራኋቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀንም ጎመን ነበር የምከትፈው። ከትፌ እስክጨርስ ድረስ አባትሽ ለእኔ በሕይወት ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቢላዋውን አጥብቃ ያዘች።

«በቃ፣ አለቀ። አልፈሻል፤ ተነሺ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል ስልኩን ዘጋችው። አልተነሳችም።

እናት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ከዚያማ…» አለች።