ሃምሳው ሰባ አንድ ሲባል

«እሳቱን እንዳይነኩት ዶን ኤቫሪስቶ! እንዳለ ይቆይ!» የመለኪያ ቴክኒሻኗ ኔሊዳ ይህን ስትጮህ ግማሽ አካሏ ከቱቦዎቹ ሥር ነበር። የማንበቢያ የእጅ መሣሪያዋን ሁለት ሽቦዎች ከአዲሱ የግፊት መለኪያ ጋር አያያዘች።

ለስምንት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የፈረቃ መለወጫው ሲረን ሲጮህ፣ በዚህ የቱኩማን ክፍለ ሀገር ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ያነደዱት ዶን ኤቫሪስቶ ወደ አገዳ ማራገፊያው ይዛወራሉ፤ ግቢ ሊጠርጉ። ደብዳቤው በኢንጂነር ባሳን እጅ ነው። የሳቸው ፈረቃ ለአንድ ጆንያ ስኳር ከሌሎቹ የበለጠ እንፋሎት ይፈጃል ተብሏል።

«ኔሊዳ፣ ይበቃል፣ ውጪ» አለ ባሳን በተከፈተው የመቆጣጠሪያ ክፍል በር ወደ ስክሪኑ እያየ። «የእንፋሎቱ መጠን ከመቶ ሰባ አንድ ይላል። ስክሪን አይዋሽም።»

«እኔ ነኛ የምዋሸው!» አሉ ዶን ኤቫሪስቶ የማቴ ሻይ መጠጫ ቅላቸውን እንደያዙ። «እኔ እሳቴን እንደ አራስ ልጅ እያባበልኩ፣ በዝግታ ነው የማነደው። ሙሉ እሳት ለቀው የሚጠብሱትን ሄደህ አትጠይቅም?»

«በዝግታ» የሚለው ቃል ኔሊዳ ጆሮ ውስጥ ቀረ። የእጅ መሣሪያዋን አየች። ዓይኗን አሻሽታ ደግማ አየች።

«ኢንጂነር! ይጻፉ!»

በእጁ የነበረው ወረቀት ደብዳቤው ብቻ ነው። ገልብጦ በጀርባው ያዘ።

«ጥሬው ግፊት ሩብ ነው፤ ከመቶ ሃያ አምስት። የእንፋሎቱን መጠን ለማግኘት ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፤ አንዴ!»

«የሩብ ስኩዌር ሩት ግማሽ ነው። ሃምሳ» ብሎ ጻፈ።

«መለኪያው ራሱ አስልቶ ሃምሳ ብሎ ልኮልዎታል። ይኸው እያየሁት ነው! ታዲያ እርስዎ ጋ ሲደርስ ምን ነክቶት ሰባ አንድ ሆነ?»

እስክሪብቶው ቆመ። «ኮምፒውተሩም ያሰላዋል» አለ ባሳን ቀስ ብሎ።

«ሁለቴ! ሁለቴ ይሰላል! የግማሽ ስኩዌር ሩት ደግሞ ሰባ አንድ ነው!» ከቱቦዎቹ ሥር ወጥታ የብረቱ ወለል እስኪንቀጠቀጥ ዘለለች። «ሙሉ እሳት ላይ መቶው መቶ ሆኖ ስለሚቀር ማንም አልጠረጠረም። ስክሪኑ የሚጠብሱትን ትቶ በዝግታ በሚያነደው ላይ ብቻ ነው የሚያሳብቀው፤ ያውም በሐሰት!»

ዶን ኤቫሪስቶ የቦይለሩን ቁጥጥር ከኮምፒውተሩ ነጥቀው በእጃቸው ያዙት። ባሳን ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ስሌት አጠፋው። ሰባ አንድ የነበረው ወርዶ ሃምሳ ላይ ቆመ። እሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ኔሊዳ እልል ማለት አማራት።

«ለመሆኑ መለኪያውን ማነው የገጠመው?» አለ ባሳን ተመልሶ።

የገጠመችው ራሷ ናት። የድሮው መለኪያ ማስላት ስለማይችል ያሰላ የነበረው ኮምፒውተሩ ነው። አዲሱ ሲመጣ በብልጠቱ ተደንቃ፣ ኮምፒውተሩን ሳትጠይቅ፣ አስላ ብላ ያዘዘችው እሷ ናት። ቀኑና ፊርማዋ ከመለኪያው ጋር በሽቦ በታሰረው ታርጋ ላይ ተቀርጿል። ባሳን መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ታርጋው ጎንበስ አለ።

ዶን ኤቫሪስቶ ቀደሙት። ጓንት ያጠለቀ መዳፋቸውን ታርጋው ላይ ጫኑበት። «ማን ይሆናል፣ ዕቃው ነዋ! ብልጥ ነው ብላችሁ አይደል የገዛችሁት? ይኸው በለጣችሁ።»

ኔሊዳ እጃቸውን ያዘች። ጓንቱን ጣት በጣት እያላቀቀች አነሳችው።

«እኔ ነኝ ኢንጂነር» አለች። «ፊርማው የኔ ነው።»

ሲረኑ ጮኸ። ባሳን ታርጋውን አየ፤ እሷን አየ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ከአንቺ ጋር ነገ እንነጋገራለን» አላት። ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ «እርስዎም ነገ በሰዓትዎ እዚሁ ይግቡ» አለና ደረጃውን ወረደ።

ዶን ኤቫሪስቶ የቀዘቀዘውን ቅል እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«አገዳው ተቆርጦ እስኪያልቅ የማቴውን ውኃ የምታሞቂው አንቺ ነሽ» አሏት። «እንዳታፈይው ብቻ። በዝግታ ነው።»