ስለቱ እንዴት ሆነ?

እንዳልካቸው ሀብተማርያም በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ፓርኪንግ ኃላፊ ነው። በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜው የገደለው ትልቁ አውሬ አንዲት አይጥ ስትሆን፣ እሷንም በመኪና፣ ሳያያት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 መስከረም ላይ ግን አዳኝ ለመሆን ወሰነ።

ምክንያቱ አማቱ ናቸው። እማማ አበዛሽ ልጃቸው ውብነሽ ጋ ለመኖር ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ ያመጡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ሟቹ ባለቤታቸው አቶ ወልደአምላክ በአንድ እጃቸው ጠመንጃ፣ በሌላው የአጋዘን ቀንድ ይዘው ቆመዋል። ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ፤ እንዳልካቸው እራቱን የሚበላው ከሥሩ ነው። እማማ አንዳንዴ ቀና ብለው ያዩትና “የአዳኝ ሚስት ነበርኩ” ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። የቀረውን እንዳልካቸው በራሱ ጨመረ፤ ልጄ ግን ያገባችው የመኪና ጠባቂ ነው ማለታቸው መሰለው። የቀስት አደን ወቅት በጥር መጨረሻ ከመዘጋቱ በፊት አንድ አጋዘን ጥሎ ቀንዱን ከፎቶው ጎን ሊሰቅል ማለ።

ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛው ዕዝራ ከእሱ በፊት ሁለት ዓመት ያደነ ሲሆን፣ ወሬው ግን የሃያ ዓመት ነው። እሱ ወደሚያውቀው የሜሪላንድ እርሻ ወሰደው። የእርሻው ባለቤት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፤ ሕጋቸውም አጭር ነው። ጠዋት በር ላይ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ወጥረው ይይዛሉ። የፍላጻህ ጫፍ ላስቲኩን ገና ሲነካው ከበጠሰው ትገባለህ። ካልበጠሰው አውሬ አሠቃይተህ እንዳትገድል ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ድጋሚ ፈተና የለም፤ በሰው ፍላጻ መግባትም ክልክል ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የዕዝራ ላስቲክ ተበጠሰ። የእንዳልካቸው ላስቲክ ግን ተለጥጦ ተመለሰና የሽማግሌውን አውራ ጣት መታ።

ቤት ሲገባ እማማ በር ላይ ጠበቁት።

“ስለቱ እንዴት ሆነ?”

“አልሆነም እማማ። ዶልዱሟል።”

እማማ አማተቡ። እንዳልካቸው ልቡ ተነካ፤ ከዚያ ቤት ለፍላጻው ስለት ያሰበ ሰው ተገኘ። አስቀምጦም ስለ ሞረድ ግማሽ ሰዓት አስተማራቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የስለት ምርምር ተቋም ሆነ። ሐሙስ የእረፍት ቀኑ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይስላል። ከሞረድ ወደ ውኃ ድንጋይ ተሸጋገረ፤ ከውኃ ድንጋይ ዕዝራ በስጦታ ወደ ሰጠው አልማዝ ዱቄት የተቀባ ብረት። ፀጉር አስተካካዮች ምላጭ የሚያፋጩበትን ቆዳም ገዛ። የአሳሳሉን ማዕዘን ለመለካት የልጆች ፕሮትራክተር አመጣ። የተሳለውን የሚሞክረው በግራ ክንዱ ፀጉር ስለነበር፣ በኅዳር ግራ ክንዱ የሕፃን ክንድ ሆነ። ሐሙስ ማታ ሁሉም ጫፍ ምላጭ ነው። ክዳን ክዳናቸውን አልብሶ በሩ አጠገብ ያስቀምጣቸዋል። ዓርብ እሱም ውብነሽም ሥራ ይውላሉ፤ እማማ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቅዳሜ ዕዝራ መጥቶ ፍላጻዎቹን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይጭናል።

ቅዳሜ ላስቲኩ አይበጠስም።

እማማም በየቅዳሜው በር ላይ ይጠብቃሉ። “ስለቱስ?” ይላሉ፤ መልሱን ሰምተው ያማትባሉ፤ ምሳውን ያቀርቡለታል። በታኅሣሥ ውብነሽን አንድ ረዥም ነገር አስገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ አቆሙ። እንዳልካቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሚስቱ፣ “የእማዬ ነው፤ ሲሳካ ይፈታል” አለችው። የቀንድ መስቀያ እንደሚሆን ገምቶ ሁለት እጥፍ ይስል ጀመር።

በዚያው ሰሞን የደጃፉ ሲሚንቶ ደረጃ ነጭ በነጭ ተጫጭሮ አየ። ለአከራዩ ደውሎ በረዶ ጠራጊው አካፋውን እንዲጠነቀቅ አሳሰበ። ነገር የማያመልጠው ሰው ነው።

ጥር ሲገባ ወንጀለኛውን ለየ። ሐሙስ ስል የነበረ ብረት ቅዳሜ የሚዶለዱመው በመካከሉ የሰው እጅ ቢገባ ነው፤ መኪናው የዕዝራ፣ ቅናቱም የዕዝራ ነው። አንድ ቅዳሜ ፍላጻዎቹን ጭኑ ላይ ታቅፎ ሄደ። ላስቲኩ አሁንም አልተበጠሰም። ይኼ ጊዜ ዕዝራ በስጦታ የሰጠው መሳያ ራሱ ተንኮል እንዳለበት ገባው።

“አንተ ነህ ያደነዝክብኝ” አለው በሽማግሌው ፊት።

“ብሮ፣ አር ዩ ሲሪየስ? እኔ ለሦስት ወር ፒክ አፕ ያደረግኩህ ልጎዳህ ነው?”

ዕዝራ ከዚያ ወዲህ አልደወለም። የሰባት ዓመት ጓደኝነት ነበር፤ እንዳልካቸው ግን ሐቁን በማወቁ ኮራ።

የወቅቱን የመጨረሻ ቅዳሜ ብቻውን ሄደ። ሽማግሌው ላስቲኩን ሳይወጥሩ በሐዘን አዩት፤ ከዚያም ወጠሩት። አልተበጠሰም። በመመለሻው መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ። ቤት ሲደርስ እማማ ጠየቁት።

“አለቀ እማማ” አላቸው። “ጫካውን ሳልረግጠው ወቅቱ ተዘጋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

እማማ ግንባሩን ሳሙት። በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ስላዘኑለት መሰለው።

በማግስቱ እሑድ ጥቅልሉን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እማማ ጨርቁን ሲፈቱት የወርቅ ዘርፍ ያለው የከፋይ ጥላ ወጣ። እልልታው ሲበርድ ዲያቆን ሚካኤል ማይክራፎኑን ይዞ ከወረቀት አነበበ፦

“ወይዘሮ አበዛሽ፣ ‘ባሌን የበላ ጫካ አማቼን እንዳይበላብኝ’ ብለው ለቅዱስ ገብርኤል የተሳሉት ስለት ስለ ሰመረላቸው ይህን ጥላ አስገብተዋል።”

እማማ አበዛሽ ወደ እንዳልካቸው ጆሮ ጠጋ አሉና፣ “ገብርኤልን ብቻውን አላስቸገርኩትም፤ ዓርብ ዓርብ ደረጃው ላይ እኔም አግዤዋለሁ” አሉት።