አምስት ሺህ ሊትር

ስንጥቁ የእርሳሴን ምልክት አልፎ ሄዷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጫፉ ላይ አስምሬ ቀን ጽፌበት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ተጉዟል። የተማሪ ዴስክ ላይ ቆሜ ወደ ኮንክሪቱ ጣሪያ እንዳንጋጠጥኩ ለካሁ፤ አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ሃያ ሰባት ሳንቲሜትር።

የአንደኛ ክፍል ልጆች ሜዳው ላይ መዝሙር እየተለማመዱ ነው። አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ሲመጡ እዚህ ገብተው ይቀመጣሉ ተብሏል።

ከዚህ ጣሪያ በላይ የእኛ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። የእኛ ስል፣ የመሐንዲሶች ማኅበራችን ቅርንጫፍ ማለቴ ነው። አምና በበጎ ፈቃድ ተሰባስበን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ውሃ ለሌለው ትምህርት ቤት ውሃ ያመጣን ጀግኖች! ስሌቱ የተሠራው ለሁለት ሺህ ሊትር ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ለጋሽ ተገኘና አምስት ሺህ የሚይዝ መጣ። የመካኒካሉ መሐንዲስ «ሲቪሏ አይታዋለች» ብሎ አሰበ። ሲቪሏ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የቅርንጫፉ ሊቀመንበር አይተውታል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁላችንም አጨበጨብን። ፎቶው ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

አምስት ሺህ ሊትር ውሃ አምስት ሺህ ኪሎ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሊቀመንበሩን ግቢው ውስጥ ባነር ሲያሰቅሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ታንከሩ አሁኑኑ ባዶ መሆን አለበት።»

«መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል።»

«ስንጥቁ በሦስት ሳምንት ሃያ ሰባት ሳንቲሜትር ጨምሯል።»

ክንዴን ይዘው ከሰው ፈቀቅ አደረጉኝ። «ድምፅሽን ቀንሺ እንጂ። ልስኑ ነው፤ ልስን ደግሞ ይሰነጠቃል።»

«ልስኑን ፍቄ አይቻለሁ። ኮንክሪቱ ነው።»

«እሺ፣ ሰኞ። ሰኞ ራሴ ቆሜ አስወርደዋለሁ። ዛሬ ዳኞቹ ከዋናው ጽሕፈት ቤት እየመጡ ነው። የዓመቱ ምርጥ ቅርንጫፍ ልንባል ጫፍ ደርሰን፣ ቧንቧውን ሲከፍቱት አየር ይውጣ?»

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው አስተምረውኛል። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ኪሎ» ብዬ መጻፍ ረስቼ ግማሽ ማርክ ቀንሰውብኛል፤ ስለምናቸው እንኳ ንቅንቅ አላሉም ነበር።

ጭቅጭቁን ሰምታ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጣች። «ውሃዬን ሊደፋ የመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ለዚህ ውሃ ሦስት ዓመት በየቢሮው ደጅ ጠንቻለሁ። ልጆቹ የሚጠጡትን በላስቲክ ጠርሙስ ከቤት ነበር የሚያመጡት። የሽንት ቤቱን ነገር አላወራውም። እናንተ ምን አለባችሁ፤ ቅዳሜ መጥታችሁ ቅዳሜ ትሄዳላችሁ።»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አነደደኝ፤ በእሷ ላይ አልነበረም ንዴቴ።

«እንግዲያው ይግቡ» አልኳቸው ሊቀመንበሩን።

«የት ነው የምገባው?»

«ክፍሉ ውስጥ። ልስን ከሆነ ይግቡና ከሥሩ ይቀመጡ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መሃል ዴስክ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ልጆቹ ይግቡ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

ባነር የሚሰቅሉት የማኅበሩ አባላት ገመዱን እንደያዙ ዞረው አዩን። ሊቀመንበሩ ሳቅ ለማለት ሞከሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አበዛሽው» አሉና ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ ክፍሉ አመሩ። ዳይሬክተሯና እኔ ተከተልናቸው። ይገባሉ ብዬ ለአንድ አፍታ ፈራሁ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። ዓይናቸው ስንጥቁን ከግድግዳው ጥግ ይዞ እስከ መሃል፣ ከመሃል እስከ እርሳሴ ምልክት፣ ከዚያም አልፎ ሄደ። ቀኝ እግራቸው ደፉን አለፈ። መለሱት። ከዚያ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።

«አንድ ጊዜ... ስልክ ልደውል» አሉ፤ ማንንም ሳያዩ።

ዳይሬክተሯ ፊታቸውን አላየችም። ያየችው እግራቸውን ነው። ቀጥላ አጫጭሮቹን ዴስኮች አየች፤ በእያንዳንዱ ላይ የልጅ ስም በወረቀት ተለጥፏል። ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ተከተልኳት።

ከክፍሉ ጀርባ መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ተይ፣ እኔ ልውጣ» አልኳት።

«መሰላሉን ያዢልኝ።»

«ጣሪያው ላይ እንዳትረግጪ። ማፍሰሻው ጠርዙ ላይ ነው፤ ክንድሽን ብትዘረጊ ትደርሺበታለሽ።»

ወጣች። የማፍሰሻው ቫልቭ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ስትታገለው ይሰማኛል። ከዚያ ውሃው በግድግዳው በኩል ተንደቅድቆ ወረደ። ጫማዋን ገለበጠው፤ እግሬን አራሰው። ልጆቹ መዝሙራቸውን ጥለው እየጮኹ መጡ፤ እጃቸውን፣ ኮፍያቸውን፣ ባዶ ጠርሙሳቸውን ከሥሩ ደቀኑ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከወዲያ በኩል ሊቀመንበሩ በስልክ ለአንድ ሰው «ትንሽ ቴክኒካል ችግር» ሲሉ ሰማሁ።

ማለቁ ግን ጊዜ ይፈጃል። «አሁን ውረጂ፣ ራሱ ይፈስሳል» አልኳት። አልወረደችም።

መሰላሉ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ንፋስ ግን አልነበረም፤ ከላይ የታፈነ ለቅሶዋ ይሰማኛል። በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። ቀና ብዬ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።