«ኩሩዋ» እማማ አዛለች

«እማማ፣ አሁን ይሰማዎታል?»

እማማ አዛለች ደነገጡ...

እጃቸውን ሰደው የጠየቀቻቸውን የጆሮ ባለሙያ ክንድ ያዙ።

«እስቲ ድገሚው» አሏት።

ደገመችላቸው።

የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሰው በሞላበት የሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ...

አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ሰርካለም ናት። ይህን ታሪክ የነገረችኝም እሷው ናት።

እማማ አዛለች የዘመሮ አካባቢ ሰው ናቸው። ገብስ እያስዘሩ፣ በግ እያረቡ ይኖራሉ።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ይመግል ነበር። እያደር መስማት ቀነሱ።

ግን ከባለቤታቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም።

«ደንቆሮ» መባልን ፈሩ።

ባለቤታቸው አቶ ባስልዮስ በሕይወት እያሉ ጠጋ ብለው ሰው ያለውን ሁሉ ይነግሯቸው ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን የሚነግራቸው ጠፋ...

ሰው ሲያወራ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰላምታ ሳይመልሱ ያልፋሉ።

ሰፈርተኛውም «አዛለች ባሏ ከሞተ ወዲህ ኮርታለች» አለ።

እሳቸውም ደንቆሮ ከመባል ኩሩ መባል ይሻላል ብለው ተውት።

ሰርካለም ከዓመታት በኋላ ከአረብ አገር የተመለሰችው አምና ነው። አብሯቸው ለሚያድር ሰው ነገሩ የሚደበቅ አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን አወቀች።

መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከአዲስ አበባ አስመጣችላቸው። የሚመግለው ጆሮ አልቀበል አለ። ባትሪውም በሳምንቱ አለቀ፤ ዘመሮ ላይ ደግሞ አይገኝም። ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ነው የጆሮ ሐኪሞች መሐል ሜዳ መምጣታቸውን ሰምታ እናቷን የወሰደቻቸው።

ያን ቀን አዲሱን መሣሪያ ያደረገችላቸው ባለሙያ ሪሐና ትባላለች። ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በጣቷ እየነካች አስረዳቻቸው።

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን በአጥንትም ይሄዳል። መሣሪያው ውስጥ ፒዞኤሌክትሪክ የሚሉት፣ እንደ ጥፍር የሳሳ ነገር አለ። ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ በአጥንት አልፎ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የታመመውን ቀዳዳ አይነካውም።

የሚፈልገው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ቶሎ ቶሎ አይለወጥም።

«ዘመሮ ለሚኖር ሰው ዋናው ነገር ይሄ ነው» አለች ሪሐና።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰርካለም የማንን ድምፅ መስማት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«የምንይሉን... ግን እሱ ረስቶኛል» አሏት።

ምንይሉ ታናሽ ወንድማቸው ነው። የሚኖረው ቀየት የሚባል ቦታ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «እታለም» እያለ ነበር የሚጠራቸው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቶ ባስልዮስ ሲቀበሩ ምንይሉ አልነበረም። ሚስቱን ጥሩሸዋን ሊያሳክም ደብረ ብርሃን ሄዶ መርዶውን የሰማው ዘግይቶ ነው። ለለቅሶ ሲመጣ እማማ አዛለች ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁትም።

«እኔ ግባ ካላልኩህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው በእናታቸው ስም ገዘቱት።

በልባቸው ግን ተመልሶ እንዲመጣ ይጠብቁ ነበር...

ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ።

ከመሐል ሜዳ በተመለሱ በሳምንቱ ጎረቤታቸው ኮከቤ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎረቤት እውነቱን ተናገሩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይሰሙ እንደኖሩ ነገሯት።

ኮከቤ ወንፊቱን መሬት አስቀመጠችው።

«ታዲያ... ምንይሉ ሲጣራ አትሰሚውም ነበር?»

«የት ነው የተጣራው?»

«እዚሁ ነዋ። በየፋሲካው ይመጣ ነበር እኮ። ግዝት አለብኝ ብሎ ከግቢሽ ካብ ውጭ ቆሞ ‹እታለም፣ እታለም› ይላል። መልስ ሲያጣ ይሄዳል። እኛ ሰምተሽ እምቢ ያልሽው ነው የመሰለን።»



ኮከቤ በዚህ አላበቃችም...

ምንይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ነው። ጥሩሸዋ መሞቷን ለእህቱ ሊነግር። ዝናብ እየመታው ሲጣራ ውሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

በማግስቱ እናትና ልጅ ቀየት ሄዱ።

እማማ አዛለች የወንድማቸው ደጅ ሲደርሱ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ... የጥሩሸዋን ስም እየጠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

ጎረቤት «ማን ሞተ?» እያለ ሮጦ ወጣ።

ምንይሉም ወጣ። ጠጉሩ ሸብቷል። እህቱን ሲያይ ባለበት ቆመ።

ሁሉንም የነገረችው ሰርካለም ናት። እሱ ከእህቱ ጆሮ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ነገር እያየ አዳመጣት...

ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለ፦

«ለምን አልነገርሽኝም እታለም? እንደማትሰሚ ባውቅ ግዝቱን ጥሼ እገባ ነበር።»

እማማ አዛለች ሰሙት።

 እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አቅፎ ያዛቸው።

የዚያን ዕለት የቀየት ጎረቤቶች ንፍሮ ቀቀሉ። አራት ዓመት የዘገየውን ለቅሶ እህትና ወንድም ተቀምጠው አለቀሱ።

አሁን ምንይሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዘመሮ ይመጣል። ዘጠኙን ዓመት ግን የሚመልሰው መሣሪያ የለም...

ወዳጆቼ፣ መልስ ያልሰጠን ሰው ሁሉ የጠላን አይደለም። ጉድለታችንን ስንደብቅ ደግሞ የሚጎዳው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ደጃችን ቆሞ የሚጣራም ሰው አለ።

እናንተስ... «አኩርፎኛል» ብላችሁ የተዋችሁት ሰው ጥሪያችሁን በእርግጥ ሰምቶ እንደሆነ ጠጋ ብላችሁ ጠይቃችሁታል? እስቲ ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ።