መስመር ላይ ያለ ሰው

ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም ማንም አልደወለም ይላል፤ መብራቱ ጠፍቷል። ሞደሙ የተሰካበትን ቀዳዳ፣ ሲሪያል ፖርቱን፣ የሚጠብቀው ድራይቨር የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ግን መስመር ላይ ሰው አለ ይላል። ሰዎች ከየኮምፒውተራቸው እየደወሉ መልእክት የሚተዉበት የቬርኖን ሰሌዳ ደግሞ የሚያምነው ድራይቨሩን ብቻ ነው።

ልጁ ጆሊን ለመውለድ ዱሉት ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ቬርኖን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። "ይሄም አበደ" አለና የቤቱን ብቸኛ የስልክ ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

"ዛሬም እዚያ ሳጥን ላይ ተተክለሃል?" አለች ሚስቱ ሎሬታ ከኩሽና። "እሱን ብታገባ ይሻልህ ነበር!"

"እሱ መች ይጨቀጭቃል?"

ስክሪኑ ላይ ፊደላት አንድ በአንድ ወጡ። "አባዬ፣ ጆሊን ነኝ። ስልኩን እንዳታነሱ፤ እቆረጣለሁ።"

ደዋዮች ሁሉ የሚለምኑት ይህንኑ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሰው ስልክ ካነሳ መስመሩ ይበጠሳል። ቬርኖን የነቀለውን ገመድ እንደያዘ ቀረ።

ሎሬታ እጇን እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች። "ምነው ነቀልከው? ሰካው እንጂ፣ ከሆስፒታል ቢደውሉስ!"

ፊደላቱ አሁንም እየመጡ ነበር።

"አልሰካውም" አለ ቬርኖን። "ስልኩ ከጮኸ ትቆረጣለች።"