ያረፈው ልብ

ስክሪን ላይ የተጻፈ ፊደል የጻፈውን ሰው የልብ ምት ይዞ መዝለል ከጀመረ ወዲህ፣ ባልና ሚስቱ ሶስናና ኪሩቤል ቃላትን በሚያስጨፍሩ ቪዲዮዎቻቸው ኢንተርኔቱን ሞሉት። እሷ ትጽፋለች፤ እሱ የፊደሎቹን ትርታ እየተከተለ ከበሮ ይመታል። የዛሬውን ግን እጁ አልደርስበት አለ። ፊደሎቹ እሳት ላይ እንዳለ ፈንዲሻ ይፈናጠራሉ።

"ማንን እያሰብሽ ነው የጻፍሽው?"

"የዱሮ ጎረቤቴን። ያለፈ ነገር ነው እኮ፣ ኪሩዬ!"

በቅናት ስክሪኑን ወደ እሷ ገፋው። "እስቲ የእኔን ስም ጻፊ።"

በጣቷ ጻፈችው። ስሙ እንደተኛ ሕፃን ቀስ እያለ ተነፈሰ።

"አየህ? ካንተ ጋር ልቤ ያርፋል" አለችው ፈገግ ብላ።

ኪሩቤል እጁን ከከበሮው ላይ አነሳ። ላረፈ ልብ ምን ከበሮ ይመታል!